ቡና የማይጠሩኝ ባልደረቦች

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፤

ደሴ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ተቀጥሬ የሙከራ ጊዜዬን ገና ያልጨረስኩ ነርስ ነኝ። የሌሊት ተረኛ ስንሆን አንጋፋዎቹ በነርሶች ክፍል ቡና ያፈላሉ፤ እኔን ግን አንድም ቀን «ነይ ጠጪ» ብለውኝ አያውቁም። በወሎ ምድር መንገደኛ እንኳ ቡና ይጠራል፤ እኔ አብሬያቸው እያደርኩ በረካውን ከኮሪደር ሆኜ አሸታለሁ። ጠዋት በርክክብ ሰዓት ያልተሞላ የበሽተኛ ቻርት ከተገኘ ስሜ በሁሉም ፊት ይነሳል፤ ማን እንዳጎደለው የሚጠይቅ የለም። አንድ ሌሊት በሽተኛ በዝቶብኝ ስጣደፍ የተጠቀምኩበትን መርፌ ልከድን ስል ጣቴን ወጋኝ፤ «ይህችም ነርስ ናት?» እንዳልባል ታጥቤ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህም ቡናው ያው ነው። ኮምቦልቻ ያለችው እናቴ ሥራ በጠፋበት ዘመን ታገሺ ትለኛለች። አዳሬን ጨርሼ በሚኒባስ ሐረጎን ስወርድ ግን እንባዬ ይቀድመኛል። ለመሆኑ እኔ ለዚህ ሙያ የማልሆን ደካማ ሰው ነኝ? አሁኑኑ ብለቅስ?

አዲሷ ነርስ

መልስ

እህቴ፣ ቡናውን ለጊዜው ተይውና ስለ መርፌው እንነጋገር። በሽተኛሽ እንዲህ ያለ ነገር ደብቆ ቢመጣ ትቆጭው እንደነበር አልጠራጠርም። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ ከተወጉ በኋላ 72 ሰዓት ሳያልፍ ተጀምሮ ለ28 ቀን እንደሚወሰድ ተምረሻል፤ ያ ሰዓት አልፏል። ኤችአይቪ ካለበት ሰው በወጣ መርፌ ከሚወጉ 1,000 ሰዎች ቫይረሱ የሚተላለፈው ወደ ሦስት ለሚሆኑት ብቻ ስለሆነ አትሸበሪ፤ ጉበት የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ የመተላለፍ ዕድል ግን ክትባቱን ላልወሰደ ሰው ከዚህ እጅግ የከፋ ነው። ስለዚህ ነገ ሳትዪ ተመርመሪ፤ ሦስት ወር ሲሞላም ድገሚው፤ ክትባትሽ ካልተሟላም አሟዪ። አደጋውንም ዘግይቶም ቢሆን በጽሑፍ አስመዝግቢ።

ቁጣዬ ግን ባንቺ ላይ ብቻ አይደለም። አዲስ ሠራተኛ መወጋቷን ከመናገር መደበቅ የሚቀላት፣ ስህተት ሁሉ በርክክብ ፊት የመዋረጃ ምክንያት በሆነበት ክፍል ነው። እንዲህ ባለ ቦታ «ጠንካራ ሁኚ» የሚለው ምክር አይዋጥልኝም፤ ያገለገለ መርፌ ሳይከደን ወደ መጣያ ሣጥኑ (ሴፍቲ ቦክስ) እንዲገባ ከጎኗ ቆሞ ማሳየት የአንጋፋው ድርሻ ነበር፤ ያንን ያልተወጣ ሰው ስለ ጥንካሬ ባያስተምር ይሻለዋል። ብዙ በሽተኛ ብቻሽን ይዘሽ ሌሊቱን የምታነጊ ልጅ ደካማ አይደለሽም።

አብረውሽ የተቀጠሩ ልጆች ካሉ መርፌውን ጨምረሽ ንገሪያቸው፤ እነሱም የደበቁት ነገር እንደማይጠፋ እገምታለሁ። ሄድ ነርሷንም በሰው ፊት ሳይሆን ለብቻዋ አግኝተሽ፣ ለጥቂት ወራት ከአንድ ልምድ ካላት ነርስ ጋር እንድትመድብሽ ጠይቂያት፤ እምቢ ካለች ወደ ሌላ ክፍል ለመዛወር አመልክቺ። ምርመራሽን ሳታደርጊና አደጋውን ሳታስመዘግቢ ግን መልቀቂያ አትጻፊ። ያን ሁሉ አድርገሽ ካልተለወጠ፣ ሌላ ሥራ ፈልጊና ውጪ፤ እኔ አልወቅስሽም። እናትሽም ቢሆኑ ስለ ጣትሽ ሰምተው ቢሆን ኖሮ «ታገሺ» የሚሉሽ አይመስለኝም።