ይህች ወፍ ማን ናት? የደብዛዛ ፎቶግራፎች ጥያቄና መልስ

ደብዛዛ ፎቶግራፍ የላካችሁልኝ አንባቢዎች አብዛኞቻችሁ ደብዳቤያችሁን በይቅርታ ትጀምራላችሁ። ይቅርታው አያስፈልግም። ከቅጠል ቅጠል እየዘለለች ለአፍታ እንኳ የማታርፍ፣ ክብደቷ 10 ግራም የማይሞላ ፍጥረት በስልክ ካሜራ መያዝ ለማንም ከባድ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ፎቶው ያለ ምንም ማብራሪያ ብቻውን መምጣቱ ነው። ወፏን በዓይናችሁ በብረቱ ያያችኋት እናንተ ናችሁ። መሬት ላይ ስትለቅም ይሁን ቅጠል ስትፈትሽ፣ ብቻዋን ትሁን ከመንጋ ጋር፣ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ከዚህ በታች ካሉት መልሶች ብዙዎቹን ያገኘሁት ከምስሉ ይልቅ ከደብዳቤው ነው።

ጥያቄ፦ ማለዳ በመስኮት በኩል ያነሳኋት ወፍ ሁለንተናዋ ጥቁር ናት። ጥቁር ትናንሽ ወፎችን ሁሉ ፈልጌ የምትመስላትን አጣሁ። ምን ትሆን?

መልስ፦ ጥቁር ለመሆኗ ማስረጃ የለንም። ከጀርባዋ ያለው ሰማይ በጣም ደማቅ ስለሆነ ካሜራው ብርሃኑን የመጠነው ለሰማዩ ነው፤ ወፏ ጥላ ሆና ቀረች። እንዲህ ባለ ብርሃን ቢጫዋም አረንጓዴዋም ጥቁር ሆነው ይወጣሉ። ስለዚህ ቀለሙን ለጊዜው እንተወውና ቅርጹን እንመርምር።

ምንቃሯን ይመልከቱ። አጭር ነው፤ ሥሩ ወፍራም፣ ጫፉ ሾጣጣ ነው። ይህ ዘር እየፈለፈለ የሚበላ ወፍ ምንቃር ነው። ነፍሳት ለቃሚ ብትሆን ኖሮ ቀጭንና ሹል፣ የአበባ ወለላ የምትጠጣ ብትሆን ደግሞ ረዥምና ወደ ታች የጎበጠ ይሆን ነበር። ቀጥሎ ጭራዋን ይዩ፤ መካከሉ ላይ በትንሹ ገባ ብሏል፤ ከክንፎቿ ጫፍ ብዙም አያልፍም። አንገቷ አጭር፣ ጭንቅላቷ ከአካሏ ሲነጻጸር ትልቅ ነው። እነዚህ ሁሉ ተደምረው ወደ ድንቢጥና ወደ ሌሎች ዘር በሊታዎች ይመሩናል። ከዚህ ፎቶ ብቻ ተነስቼ ከዚያ የጠበበ ስም ብሰጥዎት ግን መልሱ የእኔ ምኞት ይሆናል።

አንድ ነገር ይሞክሩ። በስልክዎ የፎቶ ማስተካከያ ውስጥ ጥላውን ብቻ ለይቶ የሚያፈካ መቆጣጠሪያ አለ። ከፍ ሲያደርጉት ጥቁር የመሰለው ጀርባ ብዙ ጊዜ ቡናማ ሆኖ፣ በላዩም መስመር ሲኖረው ይታያል። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ከማንሳትዎ በፊት ስክሪኑ ላይ ወፏን በጣትዎ ይንኩና ብርሃኑን ከፍ ያድርጉት። ሰማዩ ነጭ ሆኖ ይጠፋል፤ እኛም የምንፈልገው ሰማዩን አይደለም።

ጥያቄ፦ ወፏ ትልቅ ትሁን ትንሽ መናገር አልችልም። በፎቶው ላይ ከቅርንጫፍና ከቅጠል በቀር የሚታይ ነገር የለም።

መልስ፦ ቅጠሉ ይበቃናል። ተመልሰው ይሂዱና ከአጠገቧ የነበረውን ቅጠል በማስመሪያ ይለኩ፤ ከዚያም ወፏ በርዝመት ስንት ቅጠል እንደምታክል ከፎቶው ላይ ይቁጠሩ። የቤት ድንቢጥ ከምንቃሯ ጫፍ እስከ ጭራዋ ጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት። ከድንቢጥ ታንሳለች ወይስ ትበልጣለች የሚለው ብቻ ግማሹን ጥርጣሬ ያስወግዳል። የሚለካው ቅጠል ከወፏ እኩል ርቀት ላይ የነበረ ይሁን፤ ለካሜራው የቀረበ ቅጠል ወፏን ያሳንሳታል። ውፍረቷንም አይመኑ፤ ሲበርዳት ላባዋን ነፍታ ድብልብል ትላለች።

ጥያቄ፦ አበባ ላይ ሳታርፍ ባለችበት ስትንሳፈፍ አነሳኋት። ክንፏ አይታይም፤ ብዥታ ብቻ ነው። ሃሚንግበርድ ናት ተባልኩ። እውነት ነው? ሁለተኛው ፎቶ ላይ ያለችውስ ለምን አንዴ ጥቁር፣ አንዴ አረንጓዴ ትሆናለች?

መልስ፦ ሃሚንግበርዶች በተፈጥሮ የሚኖሩት በሰሜንና በደቡብ አሜሪካ ብቻ ነው። ከዚያ ውጪ የተነሳ ፎቶ ከሆነ ሁለት ተጠርጣሪዎች ይቀሩናል። አንደኛው በአፍሪካና በእስያ በብዛት የሚገኙት፣ ሰንበርድ የሚባሉት ወለላ ጠጪ ወፎች ናቸው። እነዚህ ለአጭር ጊዜ ሊንሳፈፉ ቢችሉም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠጡት ግንዱን ወይም አበባውን ጨብጠው ነው። ሁለተኛው ወፍ አይደለም፤ ቀን ቀን የሚበር የእሳት እራት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያውን ፎቶ አጉልተው ጭንቅላቷን ይዩ። ወደ ላይ የወጡ ሁለት ቀጫጭን ነገሮች አሉ፤ ጫፋቸው ወፈር ይላል። እነዚያ አንቴናዎች ናቸው፤ አንቴና ያለው ወፍ ደግሞ በዓለም ላይ የለም። ምንቃር የመሰለዎትም መምጠጫ ቱቦ ነው፤ ነፍሳቱ ሲበቃት ትጠቀልለዋለች። ይህን ስነግርዎት ቅር እንዳይልዎት። ያገኙት ነገር ድንቅ ነው፤ ይህን ያህል የተራራቁ ሁለት ፍጥረታት በአንድ ዓይነት ኑሮ ምክንያት ይህን ያህል መመሳሰላቸው ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

ሁለተኛው ፎቶ ላይ ያለችው ግን እርግጠኛ ሰንበርድ ናት፤ የጎበጠው ምንቃር በግልጽ ይታያል። አረንጓዴ ያብረቀረቀ ወንድ ነው። ያ አረንጓዴ ላባው ውስጥ የተቀባ ቀለም አይደለም። ላባው ውስጥ በጣም ስስ የሆኑ ንጣፎች ተደራርበው ብርሃኑን ይመልሳሉ፤ የምናየው ቀለም የሚወሰነው ብርሃኑ በሚያርፍበትና እኛ በምንቆምበት አንግል ነው። ወፉ አንገቱን በትንሹ ሲያዞር አረንጓዴው ይጠፋና ጥቁር ይሆናል። በወፎች ላባ ላይ የምናየው ሰማያዊም ቢሆን ከላባው አሠራር የሚመጣ እንጂ ከማቅለሚያ አይደለም። በዚህ ምክንያት የሚያብረቀርቅ ወፍ በአንድ ፎቶ ብቻ አይፈረድበትም፤ ደጋግመው ያንሱ። በአንዳንድ ዝርያዎች ደግሞ ወንዱ የመራቢያ ወቅቱ ሲያልፍ ያንን ጌጡን አውልቆ ከሴቷ ጋር የሚመሳሰል ላባ ይለብሳል። ስለዚህ ፎቶው የተነሳበትን ወር ሁልጊዜ ይጻፉልኝ።

ጥያቄ፦ ፎቶዬ ብዥ ስላለብኝ በሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚሠራ መተግበሪያ አጠራሁት። አሁን እያንዳንዱ ላባ ይታያል። በዚህኛው ሊለዩልኝ ይችላሉ?

መልስ፦ አልችልም። እባክዎ የመጀመሪያውን ይላኩልኝ።

መተግበሪያው የጠፋውን ላባ አላገኘውም። ሌሎች ብዙ ወፎች ምን እንደሚመስሉ ስለተማረ፣ እዚህ ቦታ ላይ ሊኖር ይችላል ያለውን ላባ ራሱ ሣለው። በላኩልኝ ምስል ላይ ከዓይኗ በላይ ጥርት ያለ ነጭ ቅንድብ አለ። ያ ቅንድብ የእርሷ ነው ወይስ የመተግበሪያው? ሁለታችንም ማወቅ አንችልም፤ ከትናንሽ ወፎች መካከል ደግሞ አንዱን ዝርያ ከሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ ይኸው ቅንድብ ነው። ብዥ ያለው ፎቶ «እዚህ ጋ አላየሁም» ይላል። የተጣራው ምስል ያላየውን አየሁ ይላል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው የወፍ ምልከታ የግል ጨዋታ ብቻ ስላልሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው ኢበርድና በ2008 የተጀመረው አይናቹራሊስት ከተራ ሰዎች የሚመጡ ምልከታዎችን ይሰበስባሉ። ተመራማሪዎችም የትኛው ወፍ የት እንደሚኖር፣ መቼ እንደሚፈልስ ለማጥናት ይጠቀሙባቸዋል። በኮምፒውተር የተሣለ ቅንድብ አንዲትን ወፍ ደርሳበት በማታውቀው አገር ላይ ሊያስመዘግባት ይችላል።

ብርሃን ማስተካከልና ዳሩን መቁረጥ ግን ምንም ችግር የለውም። በመልእክት መላኪያ ሲልኩም እንደ ፋይል ይላኩ፤ አለዚያ ምስሉ ይጨመቅና የነበረውም ዝርዝር ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ለአንድ ፎቶ ሁለት መተግበሪያዎች ሁለት ስም ሰጡኝ። የቱን ልመን?

መልስ፦ መጀመሪያ ቦታውንና ቀኑን በትክክል መሙላትዎን ያረጋግጡ። ሜርሊን የተባለው መተግበሪያ ፎቶው የትና መቼ እንደተነሳ የሚጠይቀው በዚያ ቦታና ወቅት የማይጠበቁትን ወፎች ለመቀነስ ነው። የቆየ ፎቶ አስገብተው የዛሬን ቀን ከሰጡት፣ ፈላሲዋን ወፍ ገና በሌለችበት ወር እንድትፈለግ ያደርጋሉ።

ከዚያም ሁለቱ የሚስማሙበትን ይውሰዱ። ስሞቹ ቢለያዩም ሁለቱም ከሸማኔ ወፎች ቤተሰብ ናት ብለዋል። ሸማኔ ወፎች ላይ ቢጫና ጥቁሩን የሚለብሰው በመራቢያ ወቅት ያለው ወንድ ነው፤ ሴቶቹ የብዙዎቹ ዝርያዎች ስለሚመሳሰሉ ከደብዛዛ ፎቶ መለየት አይቻልም። «የሸማኔ ወፍ፣ ሴት ሳትሆን አትቀርም» ብሎ መመዝገብ ሙሉ መልስ ነው።

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጅ ነኝ። ትንሽ ወፍ ከእሷ የምትበልጥ ወፍ ስታበላ አየሁ። ሳነሳቸው ሁለቱም ብዥ አሉብኝ። እናት እንዴት ከልጇ ታንሳለች?

መልስ፦ ልጄ፣ በጣም ጥሩ ነገር አይተሃል፤ ጥያቄህም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ትልቋ የእሷ ልጅ ላትሆን ትችላለች። ኩኩ የሚባሉ ወፎች አሉ፤ ከእነሱ አንዳንዶቹ ጎጆ አይሠሩም። እንቁላላቸውን በሌላ ወፍ ጎጆ ውስጥ ጥለው ይሄዳሉ፤ ባለጎጆዋም የራሷ መስሏት ታቅፋ ትፈለፍለዋለች። በአንዳንዶቹ ዝርያዎች ጫጩቱ ገና ዓይኑ ሳይገለጥ ሌሎቹን እንቁላሎች በጀርባው ገፍቶ ከጎጆው ይጥላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ምግብ ሁሉ የእሱ ነው፤ ከአሳዳጊው በልጦ ያድጋል።

ግን ሌላም ነገር ልናጣራ ይገባል። ከጎጆ አዲስ የወጡ ጫጩቶች ላባቸው ለስላሳና የተነፋ ስለሆነ ከእናታቸው የሚበልጡ ይመስላሉ። ፎቶህ ውስጥ የትልቋን አፍ ጠርዝና ጭራዋን ተመልከት። የአፏ ጠርዝ ቢጫ ሆኖ ጭራዋ በጣም አጭር ከሆነ፣ መልኳም አብላዋን የሚመስል ከሆነ የራሷ ልጅ ልትሆን ትችላለች። ጭራዋ ረዥም፣ ደረቷም አግድም መስመር ያለበት ከሆነ ግን ኩኩ ሳትሆን አትቀርም። የትንሿን ወፍ መልክ በደብተርህ ሣልልኝ፤ ኩኩዎች አሳዳጊ ስለሚመርጡ፣ የትንሿን ስም ካወቅን የትልቋን ማወቅ ይቀለናል።

ጥያቄ፦ ትንሽ፣ ቡናማ አረንጓዴ፣ ምንም ምልክት የሌላት ወፍ። ፎቶዎቹ ብዙ ናቸው፤ አንዱም አይረዳም።

መልስ፦ በዚህችኛዋ ፎቶው ቢጠራም ላይረዳን ይችላል። ዊሎው ዋርብለርና ቺፍቻፍ የሚባሉት ሁለት ፈላሲዎች በመልክ እጅግ ስለሚቀራረቡ የሚያጠኗቸው ሰዎች በእጃቸው ይዘው እንኳ የክንፍ ላባቸውን ርዝመት ያነጻጽራሉ። የመጀመሪያዋ እግሯ አብዛኛውን ጊዜ ፈዘዝ ያለ፣ የሁለተኛዋ ጠቆር ያለ ነው፤ በደብዛዛ ፎቶ ግን ይህም አያስተማምንም። ጊልበርት ዋይት የተባለው እንግሊዛዊ ካህን እ.ኤ.አ. በ1768 እነዚህን ሁለቱንና አንዲት ሦስተኛ ዘመዳቸውን የለያቸው በዋናነት በድምፃቸው ነበር፤ ያኔ ካሜራ አልነበረም።

እርስዎም ካሜራውን ይተዉትና የስልክዎን ድምፅ መቅጃ ይክፈቱ። ግማሽ ደቂቃ ዜማ ከመቶ ፎቶ ይልቅ ይጠቅመናል።

ጥያቄ፦ ድንቢጦች መካከል አንዲት ነጭ ወፍ አለች። ሌላ ዝርያ ናት?

መልስ፦ ድንቢጥ ናት። በላባዋ ላይ ጥቁርና ቡናማ ማቅለሚያው ጎድሏል። ዓይኗ ጠቆር ያለ ስለሆነ አልቢኖ አይደለችም፤ የአልቢኖ ዓይን ሮዝ ነው።

ጥያቄ፦ ፎቶዋ ብዥ ያለብኝ ወፍ ቁጥቋጦ ውስጥ ጎጆ እንዳላት ደረስኩበት። ቅጠሉን ገለጥ አድርጌ፣ ቀረብ ብዬ ጥርት ያለ ፎቶ ላንሳላት?

መልስ፦ እባክዎ አያድርጉት። ቅጠሉ መጋረጃዋ ነው፤ ሲገለጥ ፀሐይም ጠላትም ይገባል። እናቲቱ ከተደናገጠች እንቁላሉን ትታ ልትሄድ ትችላለች፤ ለመብረር የተቃረቡ ጫጩቶች ደግሞ ሲፈሩ ጊዜያቸው ሳይደርስ ዘልለው ይወድቃሉ። አሁን ያለዎትን ብዥታ ይዘው ይቆዩ፤ ቦታውንም በይፋ አይጻፉ። የአብዛኞቹ ትናንሽ ወፎች ጫጩቶች በተፈለፈሉ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ጎጆውን ይለቃሉ። ከዚያም ለተወሰኑ ቀናት በአቅራቢያው ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጠው እየጮሁ ምግብ ይጠብቃሉ፤ ወላጆቻቸውም በየደቂቃው ይመላለሳሉ። ያን ጊዜ ራቅ ብለው ይቀመጡ፤ ካሜራውን ጫጩቶቹ ላይ አነጣጥረው ይጠብቁ፤ አብላዋ ራሷ ትመጣልዎታለች።