ይርጋው አልፏል ብለህ ተስፋ አትቁረጥ

ወንድሜ፣ በልጅነትህ የደፈረህን ቄስ ከ30 ዓመት በኋላ መክሰስ ትችል እንደሆነ ጠይቀሃል። መጀመሪያ ግን፣ እስካሁን ዝም ማለትህ ጥፋት አይደለም። ብዙ ሰው ይህን ለመናገር አሥርተ ዓመታት ይፈጅበታል።

መልሱ እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል፤ ዋናው ነገር ይርጋ፣ ማለትም ክስ ለመመሥረት ሕግ የሚሰጠው የጊዜ ገደብ ነው። ለምሳሌ የአሜሪካዋ ግዛት ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣችው ሕግ ይርጋ ያለፈባቸው ሰዎች የፍትሐ ብሔር ክስ (ካሳ የሚጠየቅበት ክስ) እንዲመሠርቱ እስከ 2021 ድረስ በር ከፍታ ነበር፣ ሌላዋ ግዛት ሜሪላንድ ደግሞ በ2023 ለፍትሐ ብሔሩ ክስ ይርጋውን ጭራሽ አንስታዋለች። የወንጀሉ መንገድ ቢዘጋ እንኳ የካሳው ላይዘጋ ይችላል፤ ቄሱ ሞቶም ቢሆን እያወቀ የሸፈነለት ተቋም የሚጠየቅበት አገር አለ።

ቤተ ክርስቲያኗ «ለእኛ ተወው» ብትልህ እሺ እንዳትል። የውስጥ ምርመራ ፍርድ ቤትን አይተካም። ምንም ወረቀት ከመፈረምህ በፊት ጠበቃ አማክር።