የኮንዶሚኒየም ግቢ ጎመን፦ ጥያቄና መልስ

የማስተርስ ጥናቴን የምሠራው አዲስ አበባ፣ አንድ የኮንዶሚኒየም ሳይት ውስጥ ነው። ነዋሪዎቹ በየብሎካቸው ጥግ አትክልት ያለማሉ፤ እኔ ደግሞ ሥራው ጎረቤትን ያቀራርብ እንደሆነ እከታተላለሁ፣ አብሬም እቆፍራለሁ። ለጠየቃችሁኝ መልሱ ይኸው።

ጥያቄ፦ ግቢያችን በሙሉ ኮብልስቶን ነው። የት እንትከል?

ጆንያ ላይ። የ50 ኪሎ ጆንያ ፈልጉና ጥቁር አፈር ከበሰበሰ ፍግ ጋር ደባልቁ። ላይና ታቹ የተቆረጠ ጣሳ ጆንያው መሃል አቁማችሁ ውስጡን በጠጠር፣ ዙሪያውን በአፈር ሙሉ። ከዚያ ጣሳውን ወደ ላይ ሳብ እያደረጋችሁ እንደገና መሙላት ነው። ጆንያው ሲሞላ መሃሉ ላይ የጠጠር ምሰሶ ይቆማል፤ ውሃው በእሱ በኩል እስከ ታች ይወርዳል። ጎኑን በቢላ ብጥት ብጥት አድርጋችሁ ቆስጣ ትከሉበት። ልቡን ሳትነኩ ከዳር ከዳር ከቀነጠሳችሁት ለወራት ትበሉታላችሁ። ካሮት ግን ጎኑ ላይ አትሞክሩ።

ጥያቄ፦ በአቃቂ ወንዝ የለማ ጎመን በደንብ አጥቤ ብቀቅለው ምን አለበት?

መቀቀል ጀርሙን ይገድላል። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ክሮሚየምና ሌላው ከባድ ብረት ግን በሥር ገብቶ ቅጠሉ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ መታጠብም መቀቀልም አያወጣውም። የወንዝ ዳር አምራቾቹን መውቀሴ አይደለም፤ ከተማዋን ለአሥርት ዓመታት አትክልት ያበሉ ሰዎች ናቸው፣ ውሃውን የበከሉትም እነሱ አይደሉም። እኛ በሮቶ ያጠራቀምነውን የዝናብ ውሃ ነው የምናጠጣው።

ጥያቄ፦ ያዋጣል?

ለገንዘብ ከሆነ አያዋጣም። የጎመን መግዣ ይቆጥባል፣ በቃ።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ መጀመሪያ ሁሉም አጠጣ፤ አሁን አንዲት እናት ብቻቸውን ቀሩ። ምን ይሻላል?

አዲስ ኮሚቴ አታቋቁሙ፣ እባካችሁ። ኮንዶሚኒየም በዕጣ የደረሰ ቤት ነው፤ ጎረቤትህን አልመረጥከውም። ብዙ ሰው ዛሬም የእድር መዋጮውን የሚከፍለው ለቀድሞ ሰፈሩ ነው፤ ታዲያ እዚህ ከማጠጣት ቢቀር ማንን ያፍራል? እኔ ያለሁበት ሳይት የራሳቸውን እድር የጀመሩ ብሎኮች የማጠጣቱን ተራ እድሩ መዝገብ ላይ አስገቡት። ከለቅሶ የቀረ እንደሚቀጣ ሁሉ ተራውን የዘለለም ይቀጣል። ሌሎቹ ብሎኮች ጋ ቆስጣው ሲደርቅ እነሱ ጋ አልደረቀም። ሌላው የጠብ ምንጭ ቀድሞ መቅጠፍ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ባለበት ተቀጥፎ በየቤቱ ይታደል።

ጥያቄ፦ «መቀራረብ» በምን ይለካል? ይሄ ምርምር ነው ወይስ ጨዋታ?

አማካሪዬም ይህንኑ ነው ያሉኝ። «ድንገት ሆስፒታል መሄድ ቢኖርብዎ ቁልፍዎንና ልጅዎን ለማን ይሰጣሉ?» እላለሁ። መጀመሪያ ላይ ብዙዎቹ ሌላ ሰፈር ያለ ዘመድ ነበር የሚጠሩት፤ አሁን የፎቃቸውን ሰው የሚጠሩ አሉ። ያቀራረባቸው አትክልቱ ነው ወይስ አብሮ መክረሙ? ያን ለመለየት አትክልት የሌላቸውን ብሎኮችም እጠይቃለሁ። ጥናቱ ገና ስላላለቀ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ጥያቄ፦ ዶሮ ብንጨምርስ?

የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቷል። መጀመሪያ ምድር ቤት የሚኖረውን ሰው አስፈቅዱ፤ ሽታውም ጩኸቱም እሱ ጋ ነው። ኩሱ ጥሩ ማዳበሪያ ይወጣዋል፣ ትኩሱን ከጨመራችሁት ግን ችግኙን ያቃጥለዋል። ከገለባ ጋር ከምራችሁ በደንብ ይበስብስ።