ግድግዳው የሚያጸዳው የነካውን አየር ብቻ ነው

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በኬሚስትሪ ልትመረቂ ጥቂት ወራት ቀርተውሻል። የመመረቂያ ሥራሽ ብርሃን ሲያርፍበት አየር የሚያጸዳ ሲሚንቶ ላይ ነው፤ በዚያው መቀጠል ትፈልጊያለሽ። እጅሽ ላይ ሁለት ነገር አለ፦ ክፍያውን ራስሽ የምትችይው ማስተርስ፣ እና የግንባታ ዕቃ በሚፈትሽ ላብራቶሪ የቴክኒሻን ሥራ። አባትሽ ሁለቱንም ትተሽ ባንክ ግቢ ይላሉ። «ኬሚስትሪ ተምረሽ ግድግዳ ልትቀቢ ነው?» አሉሽ።

አባትሽ ተሳስተዋል። ፉጂሺማና ሆንዳ የሚባሉ ሁለት ጃፓናውያን ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ በብርሃን ውሃን እንደሚከፍል እ.ኤ.አ. በ1972 ካሳተሙ ወዲህ በዚህ ነገር ስንት ሰው እንጀራውን በልቷል። ቲታኒየም ዳይኦክሳይዱ ነጭ ዱቄት ሆኖ ሲሚንቶ ውስጥ ይገባል፣ ወይም መስታወትና ንጣፍ ላይ ይለበጣል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ሲያርፍበት ከመኪና ጭስ የሚወጣውን ናይትሮጅን ኦክሳይድ ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ናይትሬቱን ዝናብ ያጥበዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሮም ላይ የተመረቀው የኢዮቤልዩ ቤተ ክርስቲያን ነጭነቱን እንዲጠብቅ የተሠራው በዚህ ሲሚንቶ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ግን አባትሽ ያሉት ሳይሆን አንቺ የጻፍሽው ነው፦ «ከተሞችን ከጭስ የሚገላግል ቴክኖሎጂ»። ማን አረጋገጠልሽ?

ብራስልስ ውስጥ ያኔ ሊዮፖልድ 2ኛ ይባል የነበረው የመኪና ዋሻ አንድ ክፍል፣ ግድግዳውና ጣሪያው በዚሁ ነገር ተለብጦ፣ የአልትራቫዮሌት መብራት ተገጥሞለት፣ አየሩ በፊትና በኋላ ተለካ። የተገኘው ቅናሽ ከ2 በመቶ በታች ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ግን ናሙናው ጥሩ ይሠራል። ናሙናው 5 በ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት፤ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ትተኛለች፣ መብራቱ አይጠፋባትም፣ የተመጠነ ጋዝ በላይዋ ላይ ብቻ እንዲያልፍ ይደረጋል። መንገድ ላይ እንዲህ የሚባል ነገር የለም። አብዛኛው ጭስ ግድግዳውን ሳይነካው በነፋስ ይሄዳል፣ አቧራ ላዩን ይሸፍነዋል፣ ከፀሐይ ብርሃን ውስጥም አልትራቫዮሌቱ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ይህን የምልሽ ነገሩን እንድትተዪው አይደለም። ሙያው ዕቃውን የሚያሞግስ ሰው ሞልቶታል፤ የጎደለው ቆሞ የሚለካ ነው።

ስለዚህ ላብራቶሪው ግቢ። እኔ ሥራ የጀመርኩት ጥንካሬውን ለመለካት የኮንክሪት ኩብ በመጨፍለቅ ነው። 28 ቀን ውሃ ውስጥ የከረመውን ኩብ አውጥቼ፣ በጨርቅ ጠርጌ፣ ማሽኑ ላይ አስተካክዬ አስቀምጥና ቋ ብሎ እስኪሰነጠቅ ዓይኔን ከቁጥሩ ላይ አልነቅልም ነበር። ሻጩ የማለበት ቁጥርና ማሽኑ ያወጣው ቁጥር ስንቴ ተለያይተው አይቻለሁ መሰለሽ። ያንን ያየ ሰው ማስተርስ ሲገባ የሚጠይቀው ጥያቄ ሌላ ነው፦ የተለበጠው ግድግዳ ከአንድ ዓመት አቧራ በኋላ ምን ያህል ይሠራል? ናይትሬቱ ታጥቦ የት ይሄዳል?

የገንዘቡን ነገር በግልጽ ልንገርሽ። የታናናሾችሽ ትምህርት ቤት ክፍያ አንቺ ላይ ነው ብለሻል። ተበድረሽ ማስተርስ አትማሪ። ሁለት ዓመት ሠርተሽ ወጪሽን የሚሸፍን ፈልጊ።

ውጤቴ መካከለኛ ነው ላልሽው፣ በጥንቃቄ የተያዘ የላብራቶሪ መዝገብ ብዙ ይክሳል። «ቴክኒሻን» ይሉኛል ላልሽውም፣ ይበሉሽ። ከአባትሽ ጋር ክርክር አትግጠሚ፤ የመጀመሪያ ደሞዝሽን ይዘሽ ቤት ግቢ።

እስከ ዓርብ መልስ ይፈልጋሉ ብለሻል። ሐሙስ ደውይና ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚለካ መሣሪያ እንዳላቸው ጠይቂ። ካላቸው ፈርሚ። ከሌላቸውም ፈርሚ፣ ግን ማን ጋ እንዳለ ጠይቀሽ ስልክ ቁጥሩን ያዢ።