ማንኪያዋን ቁጠሯት፦ ስለ ቅቤና ሞራ ለጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች በአብዛኛው የሚያጠነጥኑት አንድ ነገር ላይ ነው፤ በቅቤ፣ በሞራ፣ ባጠቃላይ በእንስሳ ስብ ማብሰል ለጤና ይስማማል ወይ? ረዣዥሞቹን አሳጥሬ፣ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ቅቤ መጥበሻ ላይ ቶሎ ይጠቁርብኛል። ምን ላድርግ?

እሳቱን ቀንሺ። የሚያርረው ቅቤው ውስጥ ያለው የወተት ፕሮቲን ነው። ሲነጠር እሱ ስለሚወጣለት የተነጠረ ቅቤ የበለጠ ሙቀት ይችላል።

አያቶቼ ዕድሜያቸውን ሙሉ በስብ አብስለው በሉ፤ ዘጠና ዓመትም ኖሩ። አሁን ምን አዲስ ነገር መጣ?

ይህ ጥያቄ ሳይመጣ የቀረበት ወር የለም። ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

አያቶችህ ረጅም ዕድሜ በመኖራቸው ከልብ ደስ ይለኛል። ግን ስለ ረጅም ዕድሜ ስናወራ የምንጠራው የኖሩትን ብቻ ነው። በሃምሳ ዓመቱ ልቡ ድንገት ቀጥ ያለችበትን አጎት "እሱም በስብ ነበር የሚበላው" ብሎ የሚጽፍልኝ የለም። ሁለቱንም ካልቆጠርን ምንም አልቆጠርንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉበታችን ኤልዲኤል የሚባለውን፣ "መጥፎ" የሚሉትን ኮሌስትሮል ከደም ውስጥ እየለቀመ ያወጣል። ሳቹሬትድ የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው የስብ ዓይነት ሲበዛ ይህ የመልቀም ሥራ ይዳከማል። ያልተለቀመው ኤልዲኤል ደም ውስጥ ይቆያል፤ ከዓመታት በኋላም የደም ቧንቧ ግድግዳ ላይ ይከማቻል። ቅቤ በክብደቱ ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ስብ ነው። የበሬ ሞራም እንደዚያው ግማሽ ገደማ ነው። የአሳማ ስብ 40 በመቶ፣ የዶሮ ስብ 30 በመቶ አካባቢ ነው። የወይራ ዘይት 14፣ የሱፍ ዘይት ደግሞ 10 በመቶ ገደማ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሳቹሬትድ ስብ በቀን ከምግብ ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ይህ 22 ግራም ገደማ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ብቻውን 7 ግራም አለው። ሦስት ማንኪያ ካልክ የቀኑ ድርሻ አለቀ፤ ሥጋው፣ ወተቱ፣ አይቡ ገና ሳይቆጠር።

ትናንት ማታ አትክልት ላበስል ስል፣ ሁልጊዜ በዓይኔ የምጨምረውን ቅቤ መጀመሪያ በማንኪያ ለካሁት። አንድ ይሆናል ያልኩት ሁለት ተኩል ሆነ። መጥበሻው ላይ ሲቀልጥ ደግሞ ሁለት ተኩልም ቢሆን ምንም አይመስልም። ለዚህ ነው "እኔ እኮ ትንሽ ነው የማደርገው" የሚለውን ቃል የማላምነው። ማንም ይበለው፣ ይለካ።

ማስረጃውን በተመለከተ፣ ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመረምር ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው አንድ ግምገማ 15 ሙከራዎችን አሰባስቦ አይቷል፤ ከ56 ሺህ በላይ ሰው የተሳተፈባቸው ናቸው። ሳቹሬትድ ስብን ቢያንስ ለሁለት ዓመት የቀነሱት ላይ እንደ ልብ ሕመምና ስትሮክ ያሉ አደጋዎች በጥቅሉ 17 በመቶ ቀንሰዋል። በአጠቃላይ የሞት ቁጥር ላይ ግን ብዙም ለውጥ አልታየም። ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

ሌላም አለ። ቅቤውን ትቶ በነጭ ዳቦና በስኳር የሚተካ ሰው ለልቡ ያተረፈለት ነገር የለም። ጥቅሙ የሚገኘው በፈሳሽ ዘይት፣ በለውዝ፣ በዓሣ ሲተካ ነው። እኔ ቤት የዕለት ማብሰያው ዘይት ነው። ቅቤ የሚገባው መጨረሻ ላይ ለጣዕም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው፤ ጣዕሙም የሚጎላው ያኔ ነው። ስለዚህ ቅቤ ማዕዳችን ላይ ቦታ አለው ወይ ካልከኝ፣ አዎ አለው፤ ትንሽ ቦታ።

የዶሮ ቆዳ ይውጣ?

ይውጣ። ስቡ የሚበዛው እዚያ ነው።

ዘይት መርዝ ነው የሚል ቪዲዮ አይቼ ሙሉ በሙሉ ወደ ሞራ ዞርኩ። ክብደቴ ቀንሷል፣ ጉልበትም አለኝ። ኤልዲኤሌ ግን 190 ደርሷል። ቪዲዮው ላይ ችግር የለውም ስላሉ የኮሌስትሮል መድኃኒቴን አቁሜያለሁ።

ወንድሜ፣ ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። እባክህ ዛሬውኑ ሐኪምህ ጋ ደውል። ነገ አትበል።

190 ማለት ሐኪሞች ሌላ የአደጋ ምልክት ሳይጠብቁ መድኃኒት የሚያስቡበት ደረጃ ነው። ኤልዲኤል አያምም፣ አያደክምም። ጉልበት አለኝ ማለትህ ስለ ቧንቧህ ምንም አይነግርህም። ክብደት መቀነስህ ጥሩ ነው፤ ግን ይህን ቁጥር አያጠፋውም። ከቤተሰብህ በወጣትነቱ በልብ ሕመም የሞተ ሰው ካለ ሐኪምህ ይወቀው፤ ከፍ ያለ ኮሌስትሮል በዘር የሚተላለፍበት ሁኔታ አለ።

ስለ ዘይቱ ደግሞ፦ የተክል ዘይቶች ውስጥ ያለው ሊኖሌይክ አሲድ የተባለው የስብ ዓይነት ሰውነትን ያስቆጣል የሚለው ወሬ በሰዎች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች አልተደገፈም። ደጋግሞ የፈላ፣ የጠቆረ ዘይት ግን እውነትም መጥፎ ነው፤ ድፋው። ቪዲዮውን የሠራው ሰው የአንተን የደም ውጤት አላየም። ሐኪምህ አይቶታል።

የኮኮናት ዘይት ከተክል ስለሆነ ከቅቤ አይሻልም?

ከ80 በመቶ በላይ ሳቹሬትድ ነው። በዚህ በኩል ከቅቤ ይብሳል።

ቅቤ ወይስ ማርጋሪን?

ማሸጊያውን አንብቡ። "በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት ዘይት" የሚል ካለ መልሳችሁ መደርደሪያው ላይ አስቀምጡት፤ ትራንስ ፋት አለበት ማለት ነው። ትራንስ ፋት ከሳቹሬትድም የከፋ ነው፤ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ፣ ጥሩውን ዝቅ ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. አገሮች ሁሉ ከምግብ ውስጥ እንዲያስወጡት የጠየቀው በከንቱ አይደለም። ይህ የሌለበት ለስላሳ ማርጋሪን ከሆነ ግን ለኤልዲኤል ከቅቤ ይሻላል።

የአሥራ አራት ወር ልጄ ምግብ ላይ ትንሽ ቅቤ ባደርግ?

አድርጊ። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ስብ አይከለከልም፤ አንጎሉ እያደገ ነው። ለክትትል ስትሄዱ ሐኪሙንም ጠይቂ።

ስብ የበዛበት ምግብ ስበላ ከቀኝ ጎድኔ በታች ይወጋኛል፤ እስከ ትከሻዬ ይሄዳል። የትኛውን ስብ ልቀይር?

ስብ መቀየሩ ይቆየዎት። የሐሞት ጠጠር ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ያይዎት፤ በአልትራሳውንድ ይታወቃል። ትኩሳት ከመጣ ወይም ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይሂዱ።

ሾርባ ላይ የሚንሳፈፈውን ስብ እንዴት ላውጣው?

ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው። ጠዋት ነጭ ሽፋን ሠርቶ ይጠብቅሻል። በማንኪያ ጠርዝ ስትነኪው እንደ ስስ በረዶ ይሰነጠቃል፤ ቁርጥራጩን እየለቀምሽ አውጪ። ማጠቢያው ውስጥ ግን እንዳትጨምሪው፤ ቧንቧው ውስጥ ገብቶ ይረጋና ይዘጋዋል።