ከፀሐይ ወደ ጨለማ ስንገባ ለምን አይታየንም?

ጥያቄ፦ ከጠራራ ፀሐይ ወደ ጨለማ ክፍል ስገባ ለጥቂት ጊዜ ምንም አይታየኝም፤ ቆየት ስል ዕቃውን መለየት እጀምራለሁ፤ ቀለሙን ግን አልለይም። ምክንያቱ ምንድን ነው? የአራት ዓመት ልጄ ደግሞ ሲመሽ ይደናቀፋል፤ ጎረቤቶቼ «ዳፍንት ነው፣ ጉበት ይብላ» ይሉኛል። ሁለቱ ነገሮች ይገናኛሉ? (አንዲት እናት)

መልስ፦ አዎን፣ ይገናኛሉ። የሁለቱም መነሻ ሬቲና በሚባለው፣ የዓይንን የውስጥ ጀርባ በሸፈነው ስስ አካል ላይ የሚገኙት ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት ናቸው። ሾጣጣ ቅርጽ ያላቸው በአንድ ዓይን 6 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ፣ በቂ ብርሃን ሲኖር ቀለምንና ጥቃቅን ነገሮችን ያሳዩናል። ዘንግ የሚመስሉት ደግሞ ከ90 ሚሊዮን ይበልጣሉ፤ በደብዛዛ ብርሃን የምናየው በእነርሱ ነው፤ ቀለም ግን አይለዩም። በጨለማው ክፍል ዕቃው እየታየዎት ቀለሙ የሚጠፋብዎት በዚህ ምክንያት ነው።

በዘንግ መሰሎቹ ሕዋሳት ውስጥ ሮዶፕሲን የተባለ፣ ከአንድ ፕሮቲንና ከቫይታሚን ኤ ከሚገኘው ሬቲናል የተገነባ ቀለማም ንጥረ ነገር አለ። ፍራንዝ ቦል የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ በ1876 እ.ኤ.አ. በጨለማ ከቆየ እንቁራሪት ያወጣው ሬቲና ቀላ ያለ ሐምራዊ እንደነበረና ብርሃን ሲያገኘው ዓይኑ እያየ እንደደበዘዘ አስተውሏል። የደበዘዘው ይኸው ንጥረ ነገር ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ጎበጥ ብሎ የነበረው ሬቲናል ወዲያውኑ ይቃናል፤ ይህ ለውጥ በሕዋሱ ውስጥ ተከታታይ ኬሚካዊ ሂደት ያስነሳና በመጨረሻ ሶዲየም የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ይዘጋሉ። እጅግ የሚያስደንቀው፣ ሕዋሱ ኬሚካዊ መልእክቱን ያለማቋረጥ የሚያፈሰው በጨለማ መሆኑ ነው፤ ብርሃን ሲያገኝ ይቀንሰዋል፤ ቀጥለው ያሉት የነርቭ ሕዋሳትም ቅነሳውን ለአንጎል የብርሃን ምልክት አድርገው ያስተላልፉታል።

የተቃናው ሬቲናል ከፕሮቲኑ ይላቀቃል፤ ወደ ጎረቤት ሕዋሳት ሄዶ ቀድሞ ወደነበረበት ቅርጽ ከተመለሰ በኋላ ነው እንደገና የሚያገለግለው። ብርቱ ፀሐይ ብዙውን ሮዶፕሲን ስለሚያደበዝዘው፣ ዓይን ጨለማን ሙሉ በሙሉ እስኪለምድ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ሊወስድበት ይችላል።

ቫይታሚን ኤ ሲያንስ ሮዶፕሲን በበቂ መጠን አይሠራም፤ ዳፍንት የሚመጣውም በዚህ መንገድ ነው። ጆርጅ ዋልድ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ቫይታሚኑ በእይታ ውስጥ ያለውን ድርሻ በማስረዳቱ በ1967 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ጎረቤቶችዎ ጉበት ማለታቸው ትክክል ነው፤ እንስሳት ቫይታሚኑን የሚያከማቹት በጉበታቸው ነውና። የእንቁላል አስኳል፣ ወተት፣ ካሮት፣ ፓፓያ፣ ማንጎና በዘይት የተሠራ ጎመንም ይጠቅማሉ።

ይሁን እንጂ ምግብ ብቻ እየሰጡ መጠበቅን አልመክርም። እጥረቱ ከቀጠለ የዓይን የፊት ክፍል ይደርቃል፣ ይቆስላል፤ የዚህ ጉዳት መጨረሻ የማይመለስ ዓይነ ስውርነት ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ዳፍንት በዘር ከሚተላለፍ የሬቲና ሕመምም ሊመጣ ስለሚችል፣ ይህን ጉበት አያድነውም። ስለዚህ ልጅዎን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። በአገራችን ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ የሚሰጠውን የቫይታሚን ኤ እንክብል መቼ እንደወሰደ፣ ከቤተሰብም በምሽት የማይታየው ሰው ካለ ለባለሙያው ይንገሩ። መጠኑ ሲበዛ ስለሚጎዳ እንክብሉን በራስዎ ገዝተው አይስጡት።