ለግራውንድ ጨው ልጨምር ወይስ ከሰል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቱሉ ዲምቱ ቤት ሠርተን ገብተናል። ምጣዱ አልፎ አልፎ ይነዝራል፣ በተለይ እጄ እርጥብ ሲሆን። ኤሌክትሪሽያኑ አንድ ሜትር ተኩል የግራውንድ ብረት፣ ማለትም የሚያፈሰውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደውን፣ ቀብሮልናል፤ በጋ ላይ ግን አፈሩ ተሰንጥቆ ዙሪያው ክፍት ይሆናል። ጎረቤት ጨውና ከሰል ጨምሩበት ይላል። ቤንቶናይት የሚባለው የሸክላ አፈር ዱቄት ደግሞ ከአቅማችን በላይ ነው። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ በመጀመሪያ ምጣዱን ይንቀሉት፣ ሳይታይ አይጋገርበት። የውስጥ ሽቦው ተልጦ ብረቱን ነክቶ ሊሆን ይችላል፤ ግራውንድ ያንን አይጠግንም።

ጨው ይቅርብዎ። ለጊዜው ይሠራል፤ ክረምት ሲመጣ ግን ዝናቡ አጥቦት ይሄዳል፣ እስኪሄድም ብረቱን ይበላዋል።

ቤንቶናይት የሚፈለገው ውሃ መጥጦ ስለሚያብጥና እርጥበቱን ስለሚይዝ ነው። የእናንተ ሰፈር ጥቁር አፈርም የዚያው ዘመድ ነው፣ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የጎደለው ጥልቀትና ውሃ ነው። ብረቱን ወደ 3 ሜትር ያስረዝሙት፣ የሚሰነጠቀውን አፈር አልፎ እርጥቡ ጋ ይድረስ። ካልተቻለ ሁለተኛ ብረት ቢያንስ በብረቱ ርዝመት ያህል አርቀው ይቅበሩና በመዳብ ሽቦ ያገናኟቸው። የጣሪያ ውሃ የሚወርድበት ቦታ ካለ እዚያ ይሁን። ጉድጓዱን የደቀቀ ጥቁር አፈርና የከሰል ብናኝ ቀላቅለው፣ ውሃ እያጠጡ በደንብ ይጠቅጥቁት፤ ጠጠር አይግባበት።

ገና መሠረት የምታወጡ ሰዎች ግን ከዚህ ሁሉ የተሻለ ነገር በእጃችሁ አለ፦ ፌሮው። ኮንክሪት ከመሬት እርጥበት ስለሚስብ፣ ከታች ፕላስቲክ ካልተነጠፈ፣ ውስጡ ያለ ቢያንስ 6 ሜትር ፌሮ ጥሩ ግራውንድ ይሆናል። ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት አንድ ጫፍ ወደ ላይ ማውጣት ብቻ ነው። ከተሞላ በኋላ ግን አይሆንም፣ እባካችሁ ለፎርማኑ ቀድማችሁ ንገሩት።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ። የግራውንድዎ ኤሌክትሪክ የማገድ መጠን 20 ኦም ቢሆን 220 ቮልት የሚያሳልፍበት 11 አምፔር ብቻ ነው፣ የምጣዱ ብሬከር በዚህ አይወድቅም። ለዚህ ነው 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈስ የሚቆርጠው ብሬከር የሚያስፈልገው። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ መጀመሪያ እሱን ያስገጥሙ። ምጣዱ ሲሰካ ከቆረጠብዎት ብሬከሩን አያስነቅሉት፣ ምጣዱን ያሠሩት።